ያልተጻፈ አይመዘገብም፤ ያልቀረበ አይደመጥም

ዕውቀት የጥቂቶች የግል ሀብት ሆኖ በኖረባቸው ዘመናት፣ መዝገበ ዕውቀት ማዘጋጀት የሊቃውንትና የባለሀብት አሳታሚዎች ተግባር ብቻ ነበር። የትኛው ሰው፣ የትኛው ከተማ፣ የትኛው የሥራ ውጤት በመዝገቡ ይስፈር የሚለውን ጥያቄ የሚወስኑት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። አንባቢው የተሰጠውን ከመቀበል በስተቀር ሌላ ድርሻ አልነበረውም። ዛሬ በኢንተርኔት አማካይነት በዓለም ዙሪያ የሚነበበው ውክፔዲያ የተባለው መዝገበ ዕውቀት ግን ማንም ሰው ጸሐፊ ሊሆን ይችላል የሚል መርሕ ይዞ ተነሥቷል። መርሑ እውነትነት አለው። ይሁንና ማንም ሊጽፍ ይችላል ማለትና የማንም ጽሑፍ ይቆያል ማለት ፍጹም የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ይህን ልዩነት ያልተገነዘበ ኅብረተሰብ ታሪኩ በሌሎች እጅ ሲጻፍ፣ ወይም ጭራሹን ሳይጻፍ ሲቀር ቆሞ ከመመልከት አያልፍም። ስለዚህ አሠራሩን ከሥሩ መመርመር ይገባናል።

ውክፔዲያ በጂሚ ዌልስና በላሪ ሳንገር ጠንሳሽነት በጃንዋሪ 2001 ተጀመረ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከእርሱ በፊት በ2000 የተቋቋመው ኑፔዲያ እያንዳንዱን ጽሑፍ በሊቃውንት እጅ በሰባት ደረጃ ያጣራ ነበር። በ2003 ሲዘጋ ማጣሪያውን ያለፉት ጽሑፎች ሠላሳ እንኳ አልሞሉም። በአንጻሩ በሩን ለብዙኃኑ የከፈተው ውክፔዲያ በእንግሊዝኛው ክፍል ብቻ ዛሬ ከ7 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎችን ይዟል። የብዙ ሰዎች የተባበረ ጉልበት በዝግ በር ከሚሠራ የጥቂቶች ድካም ምን ያህል እንደሚልቅ ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ መፈለግ አያሻም።

ነገር ግን ጠባቂ የሌለው ክፍት በር የሐሰትም መግቢያ ይሆናል። በ2005 ማንነቱን ያልገለጸ ሰው፣ አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጆን ሲገንታለር በኬኔዲ ወንድማማቾች ግድያ ተጠርጥሮ ነበር የሚል የፈጠራ ታሪክ በመጣጥፍ መልክ አቀረበ። ሐሰቱ ለአራት ወራት ያህል ሳይታረም ቆየ። በ2007 ደግሞ በሕንድ ምድር ከ1640 እስከ 1641 ተካሄደ ስለተባለ የቢቾሊም ጦርነት የሚተርክ መጣጥፍ ወጣ። እንዲህ ያለ ጦርነት ፈጽሞ አልተካሄደም። ሆኖም መጣጥፉ የጥሩነት ማዕረግ ጭምር አግኝቶ ከአምስት ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በ2012 መጨረሻ ተሰረዘ።

ማኅበረሰቡ ከእነዚህ ስሕተቶች ትምህርት ወስዷል። በዲሴምበር 2005 ስማቸውን ያላስመዘገቡ ሰዎች በእንግሊዝኛው ክፍል አዲስ መጣጥፍ እንዳይከፍቱ ተከለከለ። ከ2018 ወዲህ ደግሞ ማንኛውም አዲስ ተመዝጋቢ አራት ቀን ሳይሞላውና አሥር እርማቶችን ሳያደርግ መጣጥፍ በቀጥታ ማውጣት አይችልም። ገደቡን ያላለፈ ጸሐፊ ጽሑፉን በረቂቅ መልክ ያቀርባል። በጎ ፈቃደኛ ገምጋሚ ረቂቁን መርምሮ ያጸድቃል፤ ወይም ጉድለቱን ገልጾ ይመልሳል። የተመለሰው ረቂቅ ታርሞ እንደገና ሊቀርብ ይችላል። በቀጥታ የወጣውም መጣጥፍ ቢሆን ተቆጣጣሪዎች እስኪያዩት ወይም 90 ቀን እስኪሞላው ድረስ በኢንተርኔት መፈለጊያዎች እንዳይገኝ ይደረጋል።

ስረዛውም በሦስት መንገድ ይፈጸማል። አንደኛው ግልጽ ለሆነ ጥፋት፣ ማለትም ለማስታወቂያ፣ ከሌላ ሥራ ለተገለበጠ ጽሑፍና ለስም ማጥፋት የተደነገገው ፈጣን ስረዛ ነው። በኦገስት 2025 በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጽፈው በሰው ያልተመረመሩ ገጾችም በዚህ ደንብ ሥር ገብተዋል። ሁለተኛው የስረዛ ሐሳብ ቀርቦ በሰባት ቀን ውስጥ ተቃዋሚ ሲታጣ የሚፈጸመው ነው። አንድ ሰው ብቻ ቢቃወም ሐሳቡ ይወድቃል። ሦስተኛው ቢያንስ ለሰባት ቀን የሚካሄድ ግልጽ ውይይት ነው። እዚህ ላይ በአጽንዖት ሊጤን የሚገባው ነጥብ አለ። ውይይቱ የሚዘጋው የድምፅ ብዛት ተቆጥሮ ሳይሆን የክርክሩ ክብደት ተመዝኖ ነው። በነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ከመቶ የተነሡ እጆች ይልቅ አንድ ሕጋዊ ደረሰኝ የሒሳብን ጉዳይ እንደሚቋጨው ሁሉ፣ በዚህም መድረክ ወሳኙ ማስረጃ ነው። መሰረዝ የሚችሉትም በማኅበረሰቡ የተመረጡ አስተዳዳሪዎች ብቻ ሲሆኑ፣ በውሳኔያቸው ላይ ይግባኝ ይቀርባል።

ታዲያ ማስረጃ የሚባለው ምንድን ነው? እምነት የሚጣልበት፣ ከባለጉዳዩ ነጻ የሆነ፣ ርእሱን በስፋት የተነተነ የታተመ ጽሑፍ ነው። ራስን ማወደስ፣ የድርጅት በራሪ ወረቀት፣ የወዳጅ ምስክርነት ቦታ የላቸውም። ይህ መመዘኛ ገንዘብና ዝና ፈላጊዎችን ከበር የሚመልስ በመሆኑ መሠረቱ ትክክል ነው። ችግሩ ያለው ከመመዘኛው በስተጀርባ ነው። ማተሚያ ቤቱ፣ ጋዜጣውና ተመራማሪው ያልደረሱበት ሕይወት በመመዘኛው ፊት እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ካናዳዊቷ የፊዚክስ ሊቅ ዶክተር ዶና ስትሪክላንድ ለዚህ ምስክር ናቸው። ስለ እርሳቸው የቀረበው ረቂቅ የተጠቀሱት ዋቢዎች በቂ አይደሉም ተብሎ በሜይ 2018 ተመለሰ። በኦክቶበር 2 ቀን 2018 የኖቤል ሽልማት አሸናፊነታቸው ሲታወጅ መጣጥፋቸው በዚያው ዕለት ወጣ። የሽልማቱ ተካፋይ የሆኑት የሥራ ባልደረባቸው ጄራር ሙሩ ግን ከዓመታት በፊት ጀምሮ መጣጥፍ ነበራቸው። ገምጋሚው ደንቡን ተከትሏል፤ ጉድለቱ የተጀመረው የሴቶችን ሥራ ከማይዘግበው ሰፊ ዓለም ነው። ከእንግሊዝኛው የሕይወት ታሪኮች ዛሬም የሴቶቹ ድርሻ ከመቶ ሃያ ያህል ብቻ መሆኑ ይህንኑ ያረጋግጣል። በ2010 በኬንያ ወጣቶች ዘንድ ዝናው የናኘው ማክሜንዴ የተባለ የሙዚቃ ቪዲዮ ጀግናም መጣጥፉ በተደጋጋሚ ከተሰረዘ በኋላ የቆየው ተከራካሪና ማስረጃ ሲያገኝ ነው።

አንዳንድ ወገኖች ይህን ተመልክተው መድረኩ የእኛ ስላልሆነ ብንተወው ይሻላል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ጊዜ ሁሉን ያስተካክላል በማለት እጃቸውን አጣምረው ይቀመጣሉ። ሁለቱም አመለካከቶች ወደ አንድ ውጤት ያደርሳሉ፤ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ባዶ ወንበር ደግሞ ሳይያዝ አይቀርም። በስኮትላንድ በሚነገረው በስኮትስ ቋንቋ በተዘጋጀው ውክፔዲያ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ መጣጥፎችን የጻፈው ቋንቋውን የማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ወጣት መሆኑ በ2020 ተደርሶበታል። ወደ 15,000 ገደማ መጣጥፎች ያሉት የአማርኛው ውክፔዲያ ከዚህ ትምህርት ሊወስድ ይገባል።

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ መድረሱን መዝገቦች ሁሉ ይናገራሉ፤ ኩባንያውና መንግሥታት ጽፈውታልና። ሐዲዱን ሲጠግኑ ዕድሜያቸውን የፈጁት ሠራተኞች ያካበቱት ሙያ ግን ይበልጡን በሽማግሌዎች አንደበት ይኖራል። ሽማግሌው ሲያልፍ መዝገቡም አብሮት ይቀበራል። በ2011 በሕንድና በደቡብ አፍሪካ በቃል የሚተላለፍ ዕውቀት ተቀርጾ ለመጣጥፍ ዋቢ እንዲሆን ሙከራ ተደርጓል። ያም ሆኖ ገዢው መመዘኛ ዛሬም የታተመው ጽሑፍ ነው።

እንግዲህ ተግባራችን ግልጽ ነው። የነዋሪዎች ማኅበራት፣ ዕድሮችና የሠራተኛ ማኅበራት ቃለ ጉባኤያቸውን በሥርዓት ይያዙ፤ በፎቶግራፎቻቸው ጀርባ ቀንና ስም ይጻፉ፤ የአረጋውያንን ቃል ይቅረጹ፤ ቅጂውንም ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዛግብት ያስረክቡ። ይህ በራሱ የመዝገበ ዕውቀቱን በር አይከፍትም። ሆኖም ገለልተኛው ጋዜጠኛና ተመራማሪ የሚጽፈው ሰነድ ሲያገኝ ነው፤ መጣጥፍ የሚቆመውም በእነርሱ ጽሑፍ ላይ ነው። ቃለ ጉባኤው ጥናትን፣ ጥናቱ መጽሐፍን፣ መጽሐፉ መጣጥፍን ይወልዳል።

መጻፍ የሚችሉ ልጆቻችንም የገዛ ማኅበራቸውን ከማወደስ ተቆጥበው፣ በማስረጃ የተደገፈ የሌላውን ታሪክ ይጻፉ፤ በገምጋሚነት ይሰለፉ፤ ረቂቃቸው ሲመለስ ሂሱን ተቀብለው አርመው ያቅርቡ። የስረዛ ውይይት ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል። በእነዚያ ቀናት ማስረጃውን ይዞ የቀረበ ይደመጣል፤ የቀረው ግን ውሳኔውን ከሌሎች ይሰማል።