ቆሌ፣ አድባር፣ ዛር፦ የማይታዩት ፍጡራን ስም ከየት መጣ?

በአዳማም ሆነ በሞጆና በባቱ፣ ክፉኛ የደነገጠ ሰው «ቆሌው ተገፈፈ» ይባላል። ግርማ ሞገሱ የጠፋበት «ውቃቢው ራቀው»፣ የተከበሩ ሽማግሌም «የአገር አድባር» ይባላሉ። ተናጋሪው ልብ ባይለውም፣ አባባሎቹ ሁሉ በማይታዩ ፍጡራን ከማመን የተወረሱ ናቸው።

«አድባር» በግዕዝ የ«ደብር» ብዙ ቁጥር ሲሆን፣ ትርጉሙ ተራሮች ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ በተራራ፣ በምንጭ ወይም በትልቅ ዛፍ ያድራል የሚባለው የአካባቢ ጠባቂ መንፈስ መጠሪያ ሆኗል። «ውቃቢ» ደግሞ «ዐቀበ»፣ ማለትም ጠበቀ ከሚለው የግዕዝ ግስ ጋር ይዛመዳል። በአፋን ኦሮሞ «አያና» ዋቃ በፍጥረቱ ላይ የሚሠራበት መንፈስ ነው፤ ዕድልና በዓል ማለትም ይሆናል። የእንግሊዝኛው «ፌሪ» ምንጭም ከዚህ አይርቅም። ቃሉ የሰውን ዕጣ ይወስናሉ ይባሉ ከነበሩት «ፋታ» ከተባሉ የሮማውያን አማልክት የመጣ ነው።

ስለ ዛር አመጣጥ የሚነገረው አፈ ታሪክ እንዲህ ይላል። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። ፈጣሪ ሊያያቸው በመጣ ጊዜ፣ እጅግ ያማሩትን 15ቱን ደበቀች። ፈጣሪም የተደበቁት ተደብቀው እንዲቀሩ ወሰነ፤ እነርሱም ዛሮች ሆኑ። የሚያስገርመው፣ በሩቋ አይስላንድም ሔዋን ያላጠበቻቸውን ልጆች በመደበቋ «ስውር ሕዝብ» ተገኘ ይባላል። በሁለቱም አገር ተረት የማይታየው ፍጡር ባዕድ ሳይሆን የሰው ወንድም ነው።

ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. በጎንደር የዛርን ሥርዓት በቅርብ ተከታትሎ መዝግቧል። ሥርዓቱ በሱዳንና በግብፅም ይታወቃል።

የክርስትናም ሆነ የእስልምና መምህራን ዛርን ይቃወማሉ። እምነቱ ግን ዛሬም በኑሮ ላይ ሁለት ዓይነት አሻራ አለው። አንደኛው ጎጂ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው «ዛር ያዘው» ብሎ ከሕክምና ማራቅ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ ተገቢውን ሕክምና ካገኙ ከ10 ታማሚዎች እስከ 7ቱ ያለ መንዘፍዘፍ መኖር ይችላሉ።

ሁለተኛው አሻራ ጠቃሚ ነው። በስምጥ ሸለቆ ግራሩ ለከሰል ሲጨፈጨፍ፣ ዋርካና ሾላ በየመንደሩ ቆመው የቀሩት ብዙ ጊዜ «አድባር ነው» ተብለው ስለተፈሩ ነው። በጥላቸው ሽማግሌዎች ያስታርቃሉ፣ ከብት ያርፋል። አድባሩን የማያምን ገበሬም ጥላውን ይፈልገዋልና፣ ፍርሃቱ ሲቀር ዛፉን የሚጠብቅ ሌላ ምክንያት ከወዲሁ ሊኖር ይገባል።