የጀርባው መርፌ፦ በቀዶ ሕክምና ለምትወልድ እናት የትኛው ማደንዘዣ፣ ለምን ይመረጣል?

ምጥ የጠናባት እናት ከቀበሌዋ በቃሬዛ፣ ከመንገዱ ዳር ደግሞ በአምቡላንስ ተጉዛ ሆስፒታል ትደርሳለች። ሐኪሞች ከመረመሯት በኋላ ሕፃኑ በቀዶ ሕክምና መወለድ እንዳለበት ለቤተሰቡ ያስረዳሉ። የስምምነት ፊርማ ሲጠየቅ ብዙ ቤተሰቦችን ከቀዶ ሕክምናው በላይ የሚያሳስባቸው ማደንዘዣው ነው። ጀርባዋን መወጋቷ ሽባ ያደርጋት ይሆን? ሕፃኑንስ ይጎዳው ይሆን? የሚሉ ጥያቄዎች ይነሳሉ።

ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። መልሱ ያለውም መርፌው በሚወጋበት ቦታ፣ በሚሰጠው መድኃኒት ዓይነትና መጠን እንዲሁም በባለሙያው ዝግጅት ላይ ነው።

መርፌው የት ይወጋል?

ይህ ማደንዘዣ በሕክምናው አጠራር ስፓይናል ይባላል። ባለሙያው እናቲቱ ጎንበስ ብላ እንድትቀመጥ ወይም በጎኗ እንድትተኛ ካደረገ በኋላ በወገብ አጥንቶች መካከል ቀጭን መርፌ በማስገባት መድኃኒቱን በሕብለ ሰረሰር ዙሪያ ወዳለው ፈሳሽ ይጨምራል። በአዋቂ ሰው ሕብለ ሰረሰሩ የሚያበቃው ከወገብ አጥንቶች የላይኛው ክፍል አካባቢ ነው። መርፌው የሚወጋው ከዚያ ዝቅ ብሎ በመሆኑ የሚያገኘው በፈሳሽ ውስጥ የተንጠለጠሉ የነርቭ ዘለላዎችን ነው። ዘላቂ የነርቭ ጉዳት ፈጽሞ አይደርስም ባይባልም እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው።

መድኃኒቱ በደቂቃዎች ውስጥ ከጡት በታች ያለውን የሰውነት ክፍል ያደነዝዛል። እናቲቱ ሙሉ ንቃቷን ሳታጣ የልጇን የመጀመሪያ ልቅሶ ትሰማለች። የመነካትና የመጎተት ስሜት ሊኖራት ይችላል፤ የሚወጋ ሕመም ግን ሊሰማት አይገባም። ከተሰማት ሳታፍር ወዲያውኑ መናገር አለባት።

ሙሉ ሰመመን በሚሰጥበት ጊዜ ግን የእናቲቱ ትንፋሽ በባለሙያው እጅ ይሆናል። የነፍሰ ጡር ጨጓራ ምግብን ቶሎ ስለማያስወግድ ይዘቱ ወደ ሳንባ የመግባት አደጋ አለው። መድኃኒቱም በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ሕፃኑን ሊያፈዝዘው ይችላል። ለስፓይናል ቅድሚያ የሚሰጠው በእነዚህ ምክንያቶች ነው።

ከኮኬይን እስከ ቡፒቫኬይን

ጀርመናዊው ሐኪም አውጉስት ቢየር እ.ኤ.አ በ1898 ይህን ዘዴ ለቀዶ ሕክምና ሲጠቀም የነበረው መድኃኒት ኮኬይን ነበር። መርዛማነቱ ከፍተኛ በመሆኑ ቀስ በቀስ በሌሎች ተተካ። እ.ኤ.አ በ1943 በስዊድን የተሠራው ሊዶኬይን ፈጥኖ የሚያደነዝዝና ዛሬም ለጥርስ ነቀላና ለቁስል ስፌት በስፋት የሚያገለግል ነው።

ይሁን እንጂ ሊዶኬይን በጀርባ ሲሰጥ ሁለት ድክመቶች አሉበት። የመጀመሪያው ዕድሜው ማጠሩ ነው፤ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያገለግላል። ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና የወለደች እናት የቆየ ጠባሳ ካላት ወይም ደም መፍሰስ ካጋጠመ ሥራው ሳይጠናቀቅ ሊለቅ ይችላል። ሁለተኛው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመቀመጫና በጭን ላይ ለጥቂት ቀናት የሚቆይ ሕመም በአንዳንድ ሰዎች ላይ ማስከተሉ ነው።

ቡፒቫኬይን እ.ኤ.አ በ1957 በዚያው በስዊድን የተሠራ ሲሆን ለሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ያደነዝዛል። ይህን ዓይነቱን ሕመም የሚያስከትለውም ከሊዶኬይን እጅግ ባነሰ መጠን ነው። በዚህም የተነሣ በቀዶ ሕክምና ለሚደረግ ወሊድ ቀዳሚ ምርጫ ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካቶታል። የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 2 ነጥብ 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ይህም ከግማሽ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም።

በወሊድ ጊዜ በአብዛኛው የሚመረጠው ግሉኮስ የተጨመረበትና ባለሙያዎች ከባዱ የሚሉት ዓይነት ነው። ማር ውኃ ውስጥ ሲጨመር ወደ ታች እንደሚሰጥም ሁሉ ይህም በጀርባው ፈሳሽ ውስጥ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ያዘነብላል። ባለሙያው የእናቲቱን አተኛኘት በማስተካከል መድኃኒቱ የሚደርስበትን ከፍታ መቆጣጠር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ላይ ከመጠን በላይ ከወጣ ትንፋሽ ሊያጥር ስለሚችል ኦክስጅንና የመተንፈሻ መርጃ መሣሪያ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ተጨማሪዎቹ መድኃኒቶች

ከቡፒቫኬይን ጋር ጥቂት ፌንታኒል ሲቀላቀል በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የሚሰማው ሕመም ይበልጥ ይቀንሳል። ሞርፊን ሲጨመር ደግሞ የሕመም ማስታገሻው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል። መጠኑ ከአንድ ሚሊ ግራም አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። እናቲቱ በዚያ ዕለት ሕመሟ ቀሎ ልጇን ማጥባትና መንቀሳቀስ ትችላለች። ነገር ግን ማሳከክና ማቅለሽለሽ ሊያስከትል ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላም አልፎ አልፎ ትንፋሽን ሊያዳክም ይችላል። ስለዚህ ሌሊቱን ትንፋሿን የሚከታተል ነርስ በሌለበት ቦታ ባለሙያው ሞርፊንን ቢተወው የጥንቃቄ ምልክት ነው።

ሌላው ጉዳይ የደም ግፊት መውረድ ነው። ማደንዘዣው የደም ሥሮችን ስለሚያላላ ግፊት መውረዱ የተለመደ ሲሆን እናቲቱ ያዞራታል፣ ያቅለሸልሻታል፤ ወደ ሕፃኑ የሚሄደው ደምም ይቀንሳል። ይህን ለመከላከል ግሉኮስ የሌለው ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣታል፤ ማሕፀኗ ትልቁን የደም ሥር እንዳይጫን ወደ ግራ ዘንበል ትደረጋለች። ፊኒሌፍሪን በአሁኑ ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው የግፊት ማንሻ ነው፤ የልብ ምትን ሊቀንስ ስለሚችል ግን ክትትል ይሻል። ለረጅም ዘመን ያገለገለው ኤፌድሪን በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ሕፃኑ የሚያልፍ ቢሆንም ፊኒሌፍሪን በሌለበት እናትን የሚታደግ መድኃኒት ነው።

ተመሳሳይ ብልቃጦች፣ ከባድ አደጋ

ትክክለኛውን መድኃኒት መምረጥ ብቻውን በቂ አይደለም። ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው መድኃኒት ከወሊድ በኋላ የሚፈስን ደም ለመግታት በደም ሥር የሚሰጥና ሕይወት አዳኝ ነው። በስሕተት በጀርባ ከተሰጠ ግን ለሚጥል ሕመምና ለሞት ይዳርጋል። አንዳንዶቹ ብልቃጦች ከቡፒቫኬይን ጋር ስለሚመሳሰሉ በተለያዩ አገሮች ስሕተቶች ተፈጽመዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በመጋቢት 2014 ዓ.ም ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። መፍትሔው ሁለቱን መድኃኒቶች ለየብቻ ማስቀመጥ፣ ከመቅዳት በፊት ጽሑፉን ማንበብና ሌላ ባለሙያ እንዲያረጋግጥ ማድረግ ነው። ባለሙያዎች በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ የመድኃኒት ስም ጮክ ብለው ሲነባበቡ የምትሰማ እናት ልትሰጋ አይገባም፤ የሚጠብቃት ይኸው ልማድ ነው።

ስፓይናል የማይሰጠው ለማን ነው?

ብዙ ደም ለፈሰሳት፣ ደሟ በሚገባ ለማይረጋ፣ መርፌው በሚወጋበት ቦታ ቁስል ወይም ኢንፌክሽን ላለባት እንዲሁም ራሷን ለሳተች እናት ሌላ መንገድ ይመረጣል። በእነዚህ ሁኔታዎች ሙሉ ሰመመን ይሰጣል፤ ደም ለፈሰሳት እናት የደም ግፊትን በአንጻራዊነት የማያወርደው ኬታሚን ያገለግላል። በእርግዝና ምክንያት የሚመጣ የደም ግፊት ብቻውን ግን ስፓይናልን አይከለክልም።

ከቤተሰቡ የሚጠበቀው

ለባለሙያው እውነቱን መናገር ከሁሉ ይቀድማል። አጥሚት ወይም ገንፎ በስንት ሰዓት እንደቀመሰች፣ የልብ ወይም የደም መርጋት ችግር እንዳለባት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እንደምትወስድ፣ ከዚህ ቀደም ማደንዘዣ ተሰጥቷት ምን እንዳጋጠማት መደበቅ አይገባም። ምግብ መቅመሷ በመነገሩ ሕክምናው አይከለከልም፤ ባለሙያው የሚዘጋጅበትን መንገድ ግን ይለውጣል።

ከወሊድ በኋላ እግሯ በሰዓታት ውስጥ መንቀሳቀስ አለበት። መርፌው በገባበት ቦታ ለጥቂት ቀናት ሕመም ሊሰማት ይችላል፤ ለዓመታት የሚዘልቅ የወገብ ሕመም መርፌው ስለማስከተሉ ግን ማስረጃ የለም። ስትቀመጥ የሚብስ፣ ስትተኛ የሚቀል ራስ ምታት በቀጣዮቹ ቀናት ከመጣ ከጀርባዋ ፈሳሽ በመንጠባጠቡ ሊሆን ስለሚችል ሕክምና አለው። ትኩሳት፣ የአንገት መገተር፣ የማይመለስ የእግር መደንዘዝ ወይም ሽንት አለመውጣት ከታየ ግን ሳይውል ሳያድር ወደወለደችበት ሆስፒታል መመለስ ይገባል። ቤተሰቡ እነዚህን ምልክቶች ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ጠይቆ ቢያውቅ፣ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ቢያሳውቅ እናቲቱን ቤቷ ድረስ የሚከተላት ዓይን አይጠፋም።