«ቲንኤጀር» ስለሚባለው ቃል

ቃል ከአገር ወደ አገር ሲሻገር ባዶ እጁን አይመጣም፤ የተወለደበትን አገር ልማድና አሳብ ተሸክሞ ይመጣል። በአቃቂ ቃሊቲ በሚገኘው በገላን ኮንዶሚኒየም፣ ከየሰፈሩ በዕጣ ተሰባስበው በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ሲነጋገሩ የሚሰማው «ቲንኤጀር» የሚለው ቃል ለዚህ ምስክር ነው። ልጅ ቢያመሽ ወይም ታላቁን ቢመልስ፣ «ምን ይደረግ፣ ቲንኤጀር ነው» ይባላል።

ይሁን እንጂ የቃሉ ሥር ቍጥር እንጂ ጠባይ አይደለም። በእንግሊዝኛ ከ13 እስከ 19 ያሉት ቍጥሮች መጨረሻቸው «ቲን» ነው፤ ይኸውም ከዐሥር የወጣ ነው። 11ና 12 በዚያ ቋንቋ ሌላ ስም ስላላቸው ከወሰኑ ውጭ ቀሩ። በአማርኛ ግን ከ11 ጀምሮ ሁሉም «ዐሥራ» እየተባለ ስለሚቈጠር፣ ወሰኑ የቋንቋ አጋጣሚ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አለመሆኑ ይታወቃል። ቃሉም በአሜሪካ የተስፋፋው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1940ዎቹ ነው። ልጆች ከሥራ ይልቅ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መቈየት ስለ ለመዱ፣ ነጋዴውም ልብስና ሸክላ የሚሸጥላቸው አዲስ ገበያ ስላገኘ፣ በ1944 «ሰቨንቲን» የተባለ መጽሔት ለልጃገረዶች ወጣ።

የኢትዮጵያ ሰው ግን ይህን ዕድሜ ያለ ስም አልተወውም። በግእዝ ወሬዛ፣ በአማርኛ ታዳጊ፣ ጉብል፣ ጎረምሳ፣ ኮረዳ ይለዋል። እነዚህ ስሞች ዓመት አይቈጥሩም፤ የሰውነትን ዕድገት ያመለክታሉ እንጂ። በዚሁ ዕድሜ የገበሬው ልጅ ዕርፍ ይጨብጣል፤ የቆሎ ተማሪውም አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለምኖ እየበላ፣ ዳዊት ይደግማል። ጌታም በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ ከመምህራን ጋራ ከተነጋገረ በኋላ ወደ ናዝሬት ወርዶ ለወላጆቹ ይታዘዝ እንደ ነበር ሉቃስ ጽፎአል።

ነገር ግን አዲሱን ቃል ፈጽሞ መንቀፍ አይገባም። በልጅነትና በአዋቂነት መካከል ጥበቃ የሚያሻው ዘመን መኖሩን ያስታውሳልና። ቀድሞ ኮረዳይቱ ከትምህርት ወደ ጫጕላ ትወሰድ ነበር፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ለሴት 15 ዓመት ይበቃል ይል ነበር። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገው።

ስለዚህ ጸሐፊና ሹም ቃሉን ሲጽፍ ይጠንቀቅ። የ19 ዓመቱ «ቲንኤጀር» በሕግ ለአካለ መጠን የደረሰ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወጣቶች ፖሊሲም ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። ዕድሜውን በቍጥር መጻፍ ከክርክር ያድናል። ወላጅም ቃሉን ለጥበቃ እንጂ ለማመካኛ አያድርገው፤ ተግሣጽ የሚፈልገው ልጅ የፈረንጅ ስም ስለ ተሰጠው ብቻ ሳይመከር ሊቀር አይገባምና።