የዛይኛ ቋንቋ ዝምድና

ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ የሚጓዝ ሰው መቂን አልፎ ባቱ ከተማ ሲደርስ በስተግራው የዝዋይን ሐይቅ ያያል። ከሐይቁ አምስት ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን ደብረ ጽዮንም ይባላል። በደሴቶቹና በሐይቁ ዳርቻ የሚኖረው የዛይ ሕዝብ የራሱ ቋንቋ አለው፤ ይኸውም ዛይኛ ነው። በዙሪያው የሚነገረው ኦሮምኛ ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን ሲሆን ዛይኛ ግን ሴማዊ ነው። ታዲያ የቅርብ ዘመዱ ማን ነው?

ቃላትን ብቻ ቆጥሮ መልስ መስጠት ያሳስታል። ቃል በገበያም በጋብቻም ይወረሳል። ወደ ዛይኛ የኦሮምኛ ቃላት ገብተዋል፤ ነገር ግን አማርኛ «ጠረጴዛ»ን ከግሪክኛ ምንጭ ስላገኘ ግሪክኛ እንዳልሆነ ሁሉ ዛይኛም በዚህ ምክንያት ኩሻዊ አይሆንም። የሰዋስው ቅርጽ ግን ከጎረቤት በቀላሉ አይዋስም። ከጥንት የቆየ የጋራ ቅርጽም ቢሆን የቅርብ ዝምድና ማስረጃ አይሆንም፤ ሁሉም ከአያታቸው ሊወርሱት ይችላሉና። የሚፈለገው ጥቂቶቹ ብቻ በጋራ ያበጁት አዲስ ቅርጽ ነው።

ለምሳሌ በግዕዝ «ይሰብር» ብቻውን ማሰሪያ አንቀጽ ይሆናል። በአማርኛ ግን ዐረፍተ ነገሩ እንዲያርፍ «አለ» የሚለው ረዳት ግሥ ተጨምሮበት «ይሰብራል» ይባላል። ሐረሪና የምሥራቅ ጉራጌ ቋንቋዎች የሚባሉት፣ ማለትም ስልጥኛ፣ ወለንኛና ዛይኛ፣ በዚሁ መንገድ የተሠራ ማሰሪያ አንቀጽ አላቸው። ቸሃን በመሳሰሉት የምዕራብ ጉራጌ ቋንቋዎች ግን ግሡ ያለ ረዳት ይቆማል።

ሮበርት ሄትስሮን በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የምደባ ጥናት እንዲህ ያሉትን ማስረጃዎች መሠረት በማድረግ የምሥራቅ ጉራጌን ቋንቋዎች ከሐረሪ ጋር በአንድ ቅርንጫፍ፣ አማርኛንና አርጎብኛን በእኅት ቅርንጫፍ አስቀመጠ። በዚህ ምደባ መሠረት ዛይኛ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚነገረው ሐረሪ የሚቀርበውን ያህል ለቸሃ አይቀርብም። «ጉራጌ» የሚለው ስም የአገርና የሕዝብ ስም እንጂ የአንድ ቋንቋ ቤተሰብ ስም ስላልሆነ፣ «ምሥራቅ ጉራጌ» የሚለው መጠሪያ አንባቢን ማደናገሩ አይቀርም። ሊቃውንት ሄትስሮን የዘረጋውን ቅርንጫፍ ሁሉ አልተቀበሉትም፤ የምሥራቅ ጉራጌና የሐረሪ ዝምድና ግን በሰፊው ተቀባይነት አለው።

የዛይኛ ተናጋሪዎች በሺዎች ብቻ የሚቆጠሩ ሲሆኑ ኦሮምኛና አማርኛም ይናገራሉ። ቮልፍ ሌስላው በ1999፣ ሮኒ ማየር በ2005 እ.ኤ.አ. በዛይኛ ላይ የጻፏቸውን መጻሕፍት አሳትመዋል። የቃላት ዝርዝር ብቻ ቢቀር ኖሮ፣ ዛይኛን ከሐረሪ ጋር ያገናኘው የግሥ አረባብ ከተናጋሪዎቹ አፍ ውጭ አይገኝም ነበር።