ሽማግሌው አገር ቤት፣ እጮኛዋ ዶራ

እሑድ እሑድ በቤይሩት ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የሚገኘው የዶራ አደባባይ አማርኛ በአማርኛ ይሆናል። በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያት የዕረፍት ቀን ሲያገኙ እንጀራ የሚገዙት፣ ቡና የሚጠጡትና ለቤተሰብ ገንዘብ የሚልኩት በዚሁ ሰፈር ነው። የትዳር ወሬም አብሮ ይነሣል። ከደሴ ወይም ከከሚሴ ይደወልና ሽማግሌ መጣ፣ አባት ፈቀደ፣ ፋቲሃ ተቀራ ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቱን በጠያቂው ስም «ባለትዳር» ብለው የሚጠሯት አይጠፉም።

ሽማግሌ መላክ ራሱ ከሸሪዓ ጋር አይጋጭም። ጥያቄው ለወሊይ በግልጽ መቅረቡ የሚደገፍ ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ሰው በወንድሙ ጥያቄ ላይ እንዳይጠይቅ ስለከለከሉም ነገሩ መታወቁ ይጠቅማል። የልጅቱ ፈቃድ ግን አብሮ ሊጠየቅ ይገባል፤ «አባቷ ካለ አለ» ብሎ ማለፍ ልማድ እንጂ ሸሪዓ አይደለም።

ኺጥባ ደግሞ የጋብቻ ቃል መግባት እንጂ ጋብቻ አይደለም። ፋቲሃ ቢቀራ፣ ቀለበት ቢጠለቅ፣ ጥሎሽ ቢላክ፣ ሁለቱ አሁንም አንዳቸው ለሌላው ባዕድ ናቸው። ቃሉ ቢፈርስ ጠላቅ አያስፈልግም፣ ዒዳም የለም። ኒካህ የሚሆነው ኢጃብና ቀቡል በምስክሮች ፊት ሲፈጸም ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ወሊይ የግድ ነው፤ ሐነፊዮች ለአዋቂ ሴት ሰፋ ያለ መብት ይሰጣሉ።

የሊባኖስ ልማድ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። በዚያ ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች «ከትብ አልኪታብ» የሚሉትን ውል በሸይኽ ፊት ይፈራረማሉ፤ ሠርጉ እስኪደርስ ግን ጥንዶቹ «እጮኞች» ይባላሉ። በሸሪዓ ዓይን እነዚህ ባልና ሚስት ናቸው። ከመገናኘታቸው በፊት ቢለያዩ እንኳ ጠላቅ ያስፈልጋል፤ መህሩ ተወስኖ ከሆነም በሱረቱል በቀራ 237ኛ አንቀጽ መሠረት ግማሹ ለሴቲቱ ይገባል። ስለዚህ በአሠሪዋ ቤት ያየችውን «እጮኝነት» ከራሷ ጋር የምታመሳስል እኅት ትሳሳታለች፤ ስሙ አንድ፣ ፍርዱ ሁለት ነውና።

ኒካሁን በስልክ መጨረስስ? ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1990 በዘመናዊ መገናኛ የሚፈጸሙ ውሎችን ሲያጸድቅ፣ ጋብቻን ምስክር ስለሚያስፈልገው ከውሳኔው ውጭ አድርጎታል። መፍትሔው ግን ቅርብ ነው፤ ውክልና። ምሳሌውም ከሐበሻ ምድር የተገኘ ነው። ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) በስደት በሐበሻ ሳሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመዲና አጩአቸው፤ ኻሊድ ኢብን ሰዒድ ወኪላቸው ሆኑ፣ ነጃሺም በነቢዩ ስም 400 ዲናር መህር ከፈሉ። ዛሬም በቆንስላ የተረጋገጠ የውክልና ወረቀት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

የገንዘቡ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። መህር የሴቲቱ ሀብት ሆኖ ሳለ፣ ከዶራ የሚላከው ደመወዝ አንዳንዴ በተቃራኒው ወደ እጮኛው ይፈሳል፤ ቤት ይሠራበታል፣ መሬት ይገዛበታል። እጮኝነቱ ሲፈርስ ስጦታ ይመለሳል ወይስ አይመለስም በሚለው መዝሀቦች ይለያያሉ። ብድር ግን በሁሉም ዘንድ ዕዳ ነው፤ ላኪዋ በመጀመሪያው ቀን ስጦታ ነው ወይስ ብድር የሚለውን በጽሑፍና በምስክር ብታስይዝ፣ በኋላ የሚሸመግሏት ሰዎች የሚይዙት ነገር ያገኛሉ።