«ቲቸር፣ ትናንት ይሠራ ነበር እኮ!»

ተማሪዎች ሮቦት በሚሠሩበት ክፍል ይህ አቤቱታ አይጠፋም። ፉሪ ሰፈር ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ጎራ ብዬ መጀመሪያ የሰማሁትም ይህንኑ ነው። ወለሉ ላይ በጥቁር ፕላስተር የተሠመረ መንገድ አለ። ከጫማ ካርቶን የምታንስ፣ ባለ ሁለት ሞተር ሮቦት መስመሯን ይዛ ትሄድና ጥግ ላይ ስትደርስ በደንብ ሳትታጠፍ ቀርታ ከወንበር እግር ጋር ትጋጫለች። ትናንት ግን ልክ ነበረች። ኮዱንም የነካ የለም።

ልጆቹ ተሟገቱ። አንዱ ጎማው ተንሸራቷል አለ፣ ሌላው ብሎን ላልቷል ብሎ ካቻቢቴ አነሳ። መምህሩ እጁን ኪሱ ከትቶ ዝም አለ። መልሱን ማወቁ ከፊቱ ያስታውቃል። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ቴስተር አምጥታ ባትሪውን ለካች፤ 7.1 ቮልት። ትናንት 8.3 ነበር።

ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። የእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ፍጥነት የሚደርሳቸውን ቮልት ተከትሎ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሞተሮቹን የሚያዘው ሰሌዳ ራሱ ወደ 2 ቮልት ስለሚበላ፣ ትናንት 6.3 ይደርሳቸው የነበረው ዛሬ 5.1 ገደማ ሆኗል። አንድ አምስተኛው ጎደለ ማለት ነው። ኮዱ ደግሞ «ለግማሽ ሰከንድ ታጠፊ» ነው የሚለው። ሮቦቷ ትእዛዙን አክብራ ግማሽ ሰከንድ ታጠፈች፤ ግን በደከመ ጉልበት ስለሆነ 90 ዲግሪ መድረስ ሲገባት 73 አካባቢ ቆመች።

ሰዓቱን ትንሽ መጨመር ቀላል ነበር። ነገር ግን ነገ ባትሪው ሞልቶ ሲመጣ ከልክ በላይ ትዞራለች። ስለዚህ ልጆቹ ሰዓቱን ትተው ጎማውን ወደ መቁጠር ሄዱ። በጎማው ዘንግ ላይ 20 ቀዳዳ ያለው ክብ ፕላስቲክ አሰሩ፤ ቀዳዳው ባለፈ ቁጥር የብርሃን ሴንሰር አንድ ብሎ ይመዘግባል። የጎማው ዲያሜትር 6.5 ሴንቲ ሜትር፣ ዙሪያው 20.4 ስለሆነ አንድ ቀዳዳ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጉዞ ነው። በሁለቱ ጎማዎች መካከል 14 ሴንቲ ሜትር አለ። አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ሲሽከረከር እያንዳንዱ ለሩብ ዙር 11 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ 11 ቀዳዳ። ሲሞከር ግን ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ጎማው ትንሽ ስለሚንሸራተት 10 ላይ ማቆሙ ተሻለ። ያቺን አንድ ቀዳዳ ሒሳቡ አልነገራቸውም፤ ወለሉ ነው የነገራቸው።

መሐንዲሶች ይህን ግብረ መልስ ይሉታል። ማሽኑ ያዘዘውን ነገር ሆኗል ብሎ አያልፍም፣ መሆኑን ለክቶ ያረጋግጣል።

መምህሩ መልሱን እያወቀ ዝም ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ «ሮቦቱን የሠራው ማነው፣ ልጁ ወይስ አዋቂው?» የሚለው ጥያቄ በዓለምም የቆየ ክርክር ነው። የፈጠራ ባለሙያው ዲን ካሜን እ.ኤ.አ. በ1989 ያቋቋመው ፈርስት የተባለ ድርጅት የመጀመሪያ ውድድሩን በ1992 በአሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ሲያካሂድ 28 ቡድኖች ነበሩ፤ ሐሳቡም ተማሪና መሐንዲስ ጎን ለጎን ይሥሩ የሚል ነበር። ጎን ለጎን የተባለው ግን አንዳንዴ መሐንዲሱ ይሠራል፣ ተማሪው ያያል ወደ ማለት ይንሸራተታል። ለትንንሾቹ በሚዘጋጀው የሌጎ ውድድር መከላከያ አበጅተውለታል፤ 2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ በሚፈጀው ግጥሚያ ሮቦቱን የሚያንቀሳቅሱት ልጆቹ ናቸው፣ ለዳኞች ጥያቄ የሚመልሱትም እነሱ ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋሽንግተን ላይ በተጀመረው ፈርስት ግሎባል ደግሞ ከ150 በላይ አገሮች አንድ ዓይነት ዕቃ በሣጥን ተልኮላቸው ተወዳድረዋል።

እኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2013 አዲስ አበባ ላይ በተመሠረተው አይኮግ ላብስ የተባለ ኩባንያ ያሉ ወጣቶች ሶፊያ በተባለችው ሰው መሰል ሮቦት ሶፍትዌር ላይ ሠርተዋል። ሶፊያ በሰኔ 2010 ዓ.ም አዲስ አበባ ስትመጣ የአካሏ ክፍሎች ያሉበት ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ጠፍቶ ነበር። ዝነኛዋም ሮቦት ቢሆን ብሎኗ ሲጎድል ያው ናት።

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሠርቶ አስፋልት ዳር ነድቷል። መሪዋ ስትጣመም አባቱን የጠራ አላስታውስም፤ ራሱ ያጣመመውን ራሱ ያቃናዋል። የሮቦት ክበብም እንዲሁ ቢሆን እወዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ከልጆቹ እጅ ይውጣ፤ የሊቲየም ባትሪ ቻርጅ ማድረግ። ያለ ልክ ከተሞላ ወይም ሽቦው ከተነካካ እሳት ያነሳልና መምህሩ አጠገቡ ይቁም።

ልጅዎ የሮቦት ክበብ ውስጥ ካለ፣ ስንተኛ ወጣችሁ ብለው ከመጠየቅዎ በፊት ሮቦቷ ባለፈው ለምን እንደተሳሳተች ይጠይቁት።