እኩልዮሽ በዓይን ሲታይ

ሦስት አጫጭር እኩልዮሾች አንድ ሙሉ ቅርጽ ይሠራሉ። ዩ እና ቪ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ሲሰጧቸው አንድ ነጥብ ያለበትን ቦታ አንዱ በርዝመት፣ ሌላው በወርድ፣ ሦስተኛው በከፍታ ያወጣል። ፓራሜትሪክ እኩልዮሾች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የተነፋ ካላማዳሪ የሚመስለው ቶረስ፣ ለምሳሌ፣ ዩ በትልቁ ክብ፣ ቪ ደግሞ በትንሹ ክብ ዙሪያ ሲሄዱ ይገኛል። እንደ ጂኦጂብራ ያለ ሶፍትዌር ለእያንዳንዳቸው 50 ዋጋ ቢሰጥ 2,500 ነጥቦች ያሰላል፤ ጎን ለጎን ያሉትን በጥቃቅን ባለ አራት ማዕዘኖች ያገናኝና ብርሃንና ጥላ ያለብሳቸዋል። ብዙዎች ይህን የመማሪያ መጽሐፍ ማስዋቢያ አድርገው ያዩታል። እኔ ግን ሥዕሉ ራሱ የምርምር መሣሪያ ነው እላለሁ፤ ለዚህም የኮስታ ገጽ የሚባለው ቅርጽ ምስክር ነው።

የሽቦ ቀለበት ሳሙና ውኃ ውስጥ ተነክሮ ሲወጣ የሚዘረጋው ስስ ሽፋን፣ ዳርቻው ሳይለወጥ ስፋቱን የሚያሳንስ ነው። የሒሳብ ሰዎች ይህን ዓይነቱን ሚኒማል ገጽ ይሉታል። ማለቂያ ሳይኖረው እየተዘረጋ ራሱን የማያቋርጥ፣ ቀዳዳዎቹና ክንፎቹም በቁጥር የተወሰኑ ሚኒማል ገጽ ሲፈለግ፣ ከ1776 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ200 ዓመት በላይ የታወቁት ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ጠፍጣፋው ሜዳ፣ ካተኖይድና ሄሊኮይድ። በ1982 ብራዚላዊው ሴልሶ ኮስታ የአዲስ ሚኒማል ገጽ እኩልዮሾችን አገኘ። ራሱን ያቋርጥ እንደሆነ ግን ከእኩልዮሾቹ በቀላሉ አይነበብም ነበር። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ሆፍማንና ዊልያም ሚክስ፣ ጄምስ ሆፍማን በጻፈው ፕሮግራም ገጹን ሣሉት። ሥዕሉ ከየአቅጣጫው ሲታይ ቀጥታ መስመሮችንና የመስተዋት ሲሜትሪን አወጣ፤ ገጹ የተሠራው ከ8 ተመሳሳይ ቁራጮች ነው። ያን ካወቁ በኋላ ሥራው ቀለለ፤ አንዱን ቁራጭ በሚገባ መመርመር ለሙሉው ይበቃል። ገጹ ራሱን እንደማያቋርጥ የሚያሳየው ማረጋገጫ በ1985 ታተመ።

ሥዕል ማረጋገጫ አይሆንም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ያሰላቸውን ነጥቦች ብቻ ስለሆነ በመካከላቸው ገጹ ራሱን የሚያቋርጥበት ቦታ ሊደበቅ ይችላል። ዴቪድ ሆፍማንና ሚክስም በሥዕሉ አላበቁም፤ ያዩትን በወረቀት አረጋገጡ። ሆኖም ምን መረጋገጥ እንዳለበት ያሳያቸው ሥዕሉ ነው። ሲሜትሪው ከመጀመሪያውም በእኩልዮሾቹ ውስጥ ነበርና ያለ ኮምፒውተር ይገኝ ነበር የሚልም አይጠፋም። ሊሆን ይችላል፤ ግን እኩልዮሾቹ ከ1982 ጀምሮ በእጅ እያሉ መልሱ የመጣው ከተሣሉ በኋላ ነው።

ስለዚህ ተማሪ ገጽ መሣልን ከስሌት በኋላ የሚመጣ መዝናኛ አድርጎ ሊማረው አይገባም። ነጥቦቹን ያብዛ፣ ገጹን ያዙር፣ ያየውን እንደ ግምት ይጻፍ፣ ከዚያም ያረጋግጥ ወይም ያፍርስ። የማረጋገጥን ግዴታ ያልተወ ዓይን ለሒሳብ ታላቅ ረዳት ነው።